ለኤግዚቢሽን የሚሄድ ዕቃ ሁሉ በአንድ ዝርዝር ለምን አይገባም?

የመነሻ ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። ድርጅታችን በሌላ አገር በሚካሄድ ዓለም አቀፍ የንግድ ትርኢት ላይ ሊሳተፍ ነው። የምንወስደው አንድ የዱቄት ሳሙና ማሸጊያ ማሽን፣ ማሽኑ ሲሠራ ለማሳየት የሚያስፈልግ የፕላስቲክ ጥቅልና በጆንያ የተሞላ ዱቄት ሳሙና፣ ለጎብኚ የሚታደሉ ትንንሽ የሳሙና ናሙናዎች፣ ካታሎግ፣ የድርጅቱ ስም የታተመባቸው እስክሪብቶዎች፣ ለማሳያ ቦታችን የሚሆን ቀለምና የግድግዳ ወረቀት፣ በተጨማሪም የቴክኒሺያናችን የመሣሪያ ሳጥን ነው። አዘጋጆቹ በላኩልን መመሪያ ላይ ለትርኢቱ የሚገባ የውጭ ዕቃ ከቀረጥ ነፃ እንደሆነ በግልጽ ተጽፏል። የጉምሩክ አስተላላፊያችን ግን ዕቃውን በሦስት ዝርዝር ከፋፍላችሁ አምጡ አለን። ለእኔ ይህ አልተዋጠልኝም። ሁሉም ዕቃ የሚገባው ለአንድ ዓላማ ነው፤ ዓላማው አንድ ከሆነ ሰነዱም አንድ መሆን ነበረበት። ሦስት ዝርዝር ማለት ሦስት የአገልግሎት ክፍያ ማለት ይመስለኛል። የለም የሚል ካለ ምክንያቱን ያስረዳኝ።

ምላሾቹ

ከዚህ በኋላ በዚሁ የውይይት ክር፣ ማለትም በጥያቄው ሥር በተከታተሉት ጽሑፎች፣ የመጡት ምላሾች ረጅምም አጭርም፣ ጨዋም ቁጡም ስለሆኑ ቃል በቃል ከመገልበጥ በተራ ቁጥራቸው እየጠቀስኩ ብተርካቸው ይሻላል። በጭነት ሰነድ ሥራ የምተዳደር ስለሆንኩ የራሴን አስተያየት ጣልቃ ማስገባቴ አይቀርም።

1ኛው ምላሽ የመጣው ከአንድ የጉምሩክ አስተላላፊ ነው። በቅድሚያ ጠያቂውን ለተሳትፎው እንኳን ደስ አለህ ይላል፤ ቀጥሎም ጉምሩክ የሚጠይቀው ዕቃው ለምን መጣ ብሎ ብቻ ሳይሆን ትርኢቱ ሲዘጋ የት ይደርሳል ብሎም እንደሆነ ያስረዳል። ማሽኑና የመሣሪያ ሳጥኑ ወደመጡበት ይመለሳሉ። በጆንያ ያለው ሳሙናና የፕላስቲክ ጥቅሉ ማሽኑ ሲሠራ ያልቃሉ። ካታሎጉና ናሙናው በጎብኚ እጅ ይወጣሉ። ሦስቱም ከቀረጥ ነፃ ሊገቡ ይችላሉ፤ የሚገቡበት በር ግን ይለያያል። እ.ኤ.አ. በ1990 ኢስታንቡል ላይ የተደረሰው የጊዜያዊ ገቢ (ዕቃ ለጊዜው ብቻ ወደ አገር የሚገባበት ሥርዓት) ስምምነት፣ ኤግዚቢሽንንና የንግድ ትርኢትን በሚመለከተው አባሪው፣ ይህንኑ ለይቶ አስቀምጧል፦ በአንድ ወገን ተመልሶ የሚወጣ ዕቃ፣ በሌላ ወገን እዚያው የሚያልቅ ወይም የሚታደል ዕቃ። በእኔ እምነት ለጥያቄው ይኸው በቂ መልስ ነበር። ጠያቂው ግን ይህን ምላሽ ያነበበ አይመስልም፤ ከእርሱ በኋላ የመጡት ብዙዎቹም አላነበቡትም።

2ኛው ምላሽ አራት መስመር ነው፤ አራቱም ቁጣ። ጠያቂው ልክ ነው፣ አስተላላፊ ወረቀት የሚያበዛው ለኪሱ ሲል ነው፣ 1ኛው መላሽም የሚከራከረው ለራሱ ገቢ ነው ይላል። ማስረጃ አላቀረበም። ያም ሆኖ ከሁሉም ምላሽ የበለጠ ድጋፍ ያገኘው እርሱ ነው። ለምን እንደሆነ የአስተላላፊ ሒሳብ ከፍሎ የሚያውቅ ሰው አይጠፋውም።

3ኛዋ መላሽ ለብዙ ዓመታት በጉምሩክ ፈታሽነት ሠርተው የወጡ ሴት መሆናቸውን ይገልጻሉ፤ የሚጽፉትም እንደ ፈታሽ ነው፣ ቁጥብና ቀጥተኛ። ሁለቱንም ያርማሉ። ለ1ኛው መላሽ፣ የማሽኑን ጉዳይና የሳሙናውን ጉዳይ ሁለቱንም ነፃ ናቸው ብሎ ማለፉ ሰውን ያሳስታል ይላሉ። የሳሙናው ቀረጥ በእርግጥ ጨርሶ አይከፈልም። የማሽኑ ቀረጥ ግን አልተሰረዘም፤ ቆሞ ይጠብቃል። ማሽኑ ድንበር ሲሻገር ቀረጡና ታክሱ ይሰላል፣ ለዚያ መጠን ዋስትና ይያዛል፣ ማሽኑ ተመልሶ ሲወጣ ዋስትናው ይለቀቃል። ካልወጣ ዕዳው መከፈል ይኖርበታል። ለ2ኛው መላሽ ደግሞ፣ ሁለቱን ዕቃዎች በአንድ ዝርዝር ያስገባ ሰው ሳሙናውንም አስወጣ ተብሎ እንደሚጠየቅ ይነግሩታል። ያለቀ ሳሙና እንዴት ይወጣል? ክፍያ ለመቆጠብ ብሎ አንድ ዝርዝር ያቀረበ ሰው በመጨረሻ በማይመለስ ዕቃ ላይ ቀረጥ ይከፍላል፤ ከዚያም በላይ የማሽኑ ሰነድ ሳይዘጋ ይንጠለጠልበታል።

እኚሁ ሴት ስለ ኤ.ቲ.ኤ. ካርኔ የጻፉት ክፍል በዚህ ክር ውስጥ ደጋግሜ ካነበብኳቸው አንዱ ነው። ካርኔው መነሻው እ.ኤ.አ. በ1961 ብራስልስ ላይ የተደረገ ስምምነት ነው። ላኪው በራሱ አገር፣ አብዛኛውን ጊዜ ከንግድ ምክር ቤት፣ አንድ ደብተር ይወስዳል፤ ደብተሩ የጉምሩክ ዲክላራሲዮንም (ዕቃውን ለጉምሩክ የሚያሳውቅ ሰነድ) የዋስትና ወረቀትም ሆኖ ያገለግላል። በየደረሰበት አገር በጥሬ ገንዘብ ማስያዝ ወይም አዲስ የባንክ ዋስትና ማውጣት አይኖርበትም። ሽፋኑ አረንጓዴ ነው፤ ከራሱ አገር ሲወጣና ሲመለስ የሚቀደደው ቅጠል ቢጫ፣ በእንግዳው አገር ሲገባና ሲወጣ የሚቀደደው ነጭ፣ በመሸጋገሪያ አገር የሚያገለግለው ሰማያዊ ነው። የሚያገለግለው ቢበዛ ለአንድ ዓመት ነው። በእንግዳው አገር ያለው ዋስ ማኅበር ለጉምሩክ የሚከፍለው ጣሪያ የቀረጥና የታክሱ መጠን 10 በመቶ ተጨምሮበት ነው። ዋሱ ከከፈለ በኋላ ገንዘቡን በላኪው አገር ካለው ደብተር ሰጪ ይጠይቃል፣ ደብተር ሰጪውም ፊቱን ወደ ደብተሩ ባለቤት ያዞራል። ደብተሩ አንዴ ከተሰጠ ወዲያ በዝርዝሩ ላይ አንዲት ዕቃ መጨመር አይቻልም። የመጨረሻውን ዐረፍተ ነገር ከስሩ አስምረውበታል፤ አጋጥሟቸው መሆን አለበት።

4ኛው መላሽ ማንም ያላነሳውን የቴክኒሺያን ሳጥን አነሳ። መፍቻውና መለኪያው ለጎብኚ የሚታይ ዕቃ አይደለም፤ የሥራ መሣሪያ ነው፣ በኢስታንቡሉ ስምምነትም የሥራ መሣሪያ ራሱን የቻለ አባሪ አለው። ሁሉም አገር ሁሉንም አባሪ አይቀበልም። ለምሳሌ ቻይና እስከ እ.ኤ.አ. 2019 ድረስ ካርኔን የምትቀበለው ለኤግዚቢሽንና ለመሰል ዝግጅት በሚመጣ ዕቃ ላይ ብቻ ነበር፤ የሥራ መሣሪያና የንግድ ናሙና የተጨመሩት በዚያ ዓመት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት አዘጋጁ አገር የስምምነቱ አባል ነው ወይ የሚለው ነው፤ ቀጥሎ የትኛውን አባሪ ተቀብሏል የሚለው። አባል ካልሆነ መንገዱ የአገሩ የራሱ የጊዜያዊ ገቢ ሥርዓት ነው፣ ያም ማለት ማስያዣ ወይም የባንክ ዋስትና። ይህ ምላሽ ሁለት ሰው ብቻ ነው የደገፈው፤ እኔ ግን ከጠያቂው ቦታ ብሆን መጀመሪያ የምይዘው ይህንን ነበር።

5ኛው ምላሽ ገጠመኝ ነው። መላሹ የሕክምና መመርመሪያ መሣሪያ ይዞ ለትርኢት ሄዶ ነበር። ፈታሹ ጨዋ፣ ሰነዱ የተሟላ፣ ሁሉም ነገር ሰላም። ፈታሹ የእጅ ባትሪውን አብርቶ የመሣሪያውን መለያ ቁጥር ፍለጋ ጎንበስ አለ። ቁጥሩ የታተመባት ትንሽ የብረት ሰሌዳ ያለችው ከሥር፣ ከማቀዝቀዣው ማራገቢያ ኋላ ነው፤ አቧራና ቅባት ሸፍኗታል። በጨርቅ ጠርገው ሲያዩዋት ሰሌዳዋ ላይ 3 የነበረው በዝርዝሩ ላይ 8 ሆኖ ተጽፏል። ጸሐፊው ፎቶግራፍ አይቶ ነበር የጻፈው። አንድ አኃዝ ነው፤ ለፈታሹ ግን በወረቀቱ ላይ ያለው መሣሪያና በፊቱ የቆመው መሣሪያ ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች ናቸው። ከደብተር ሰጪው ማረጋገጫ እስኪመጣ የመጀመሪያው ቀን አለቀ፤ ማሳያ ቦታው ላይ የመሣሪያው ትልቅ ፎቶግራፍ ብቻ ቆሞ ዋለ። መላሹ ከዚያ ወዲህ ቁጥሩን ከሰሌዳው ላይ በገዛ ዓይኑ እያየ፣ ሌላ ሰው ጮክ ብሎ እያነበበለት እንደሚጽፍ ተናግሯል።

6ኛውና 7ኛው ምላሽ በዚህ ላይ ተጣብቀው ቀሩ። አንዱ ተለጣፊ መለያ ከብረት ሰሌዳ ይሻላል ይላል፣ ሌላው ተለጣፊ ይላጣል ይላል። የሁለቱንም ክርክር እዘላለሁ።

በ8ኛው ምላሽ ወደ ናሙና ተመለስን። መላሹ በትርኢት አዘጋጅነት የሚሠራ ሰው ነው፤ ጠያቂው ናሙና ያለው ሁሉ ናሙና እንዳይመስለው ያስጠነቅቃል። በኢስታንቡሉ አባሪ መሠረት ናሙናው ለእይታ የቀረበውን የውጭ ዕቃ የሚወክል መሆን አለበት። ከውጭ ያለ ክፍያ የተላከና ለጎብኚው በነፃ ብቻ የሚታደል ይሁን፤ ጎብኚውም ለግሉ የሚጠቀምበት። የማስታወቂያ ናሙና መሆኑ ሲያዩት ይታወቅ፣ የእያንዳንዱ ዋጋም ትንሽ ይሁን። ለንግድ የማይሆን ይሁን፤ የሚታሸግ ከሆነም እሽጉ በችርቻሮ ከሚሸጠው ከትንሹ እሽግ በግልጽ ያነሰ ይሁን። በመጨረሻም አጠቃላይ መጠኑ ከትርኢቱ ዓይነት፣ ከጎብኚው ብዛትና ከተሳታፊው ድርሻ ጋር የሚመጣጠን ይሁን። መላሹ እዚህ ላይ ጠያቂውን በቀጥታ ይጠይቃል፦ ናሙና የምትለው እሽግ ስንት ግራም ነው? በገበያ ከምትሸጡት ትንሹ እሽግ ጋር እኩል ከሆነ እርሱ በነፃ የሚሰጥ ሸቀጥ ነው፤ ናሙና አይደለም፤ በነፃ መሰጠቱ ብቻውን አያድነውም።

ጥያቄው ጥሩ ነበር፤ ምክንያቱም ብዙ ድርጅት ናሙና ለማዘጋጀት ሲሰንፍ ከመጋዘን የሽያጭ እሽጉን አንስቶ ካርቶን ላይ ለነፃ እደላ ብሎ ይጽፍበታል። ጽሑፉን ፈታሽ አያነበውም ማለቴ አይደለም፤ አንብቦ ካርቶኑን ይከፍተዋል።

እዚያው ምላሽ ውስጥ ስለ ማሳያ ቦታው ቀለምና ስለ ግድግዳ ወረቀቱም መልስ አለ። ማሳያ ቦታን ለመሥራትና ለማስዋብ የሚውል፣ ዋጋው ዝቅተኛ የሆነና በሥራ ላይ ሲውል የሚያልቅ ነገር ከነፃዎቹ ወገን ነው። ማሽን ሲሠራ ለማሳየት ገብቶ የሚያልቀውም እንዲሁ፤ መጠኑ ከሠርቶ ማሳያው ጋር ይመጣጠን እንጂ። ካታሎግ፣ የዋጋ ዝርዝርና የማስታወቂያ ወረቀት ደግሞ በነፃ የመጣና በነፃ የሚታደል ከሆነ ያልፋል። የአልኮል መጠጥ፣ የትምባሆ ውጤትና ነዳጅ ግን ከዚህ ነፃነት ውጭ ናቸው።

ይህች የመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር ክሩን አናጋችው። 9ኛው መላሽ ወይን አምራች ነው። በትርኢት ላይ ወይን ሳላስቀምስ እንዴት ልሸጥ ነው፣ የጭማቂ ነጋዴ ሲያስቀምስ በነፃ፣ እኔ ሳስቀምስ በቀረጥ፣ ይህ ግልጽ አድልዎ ነው ብሎ በአምስት አንቀጽ ተማረረ። 10ኛው መላሽ ርኅራኄ አልነበረውም። አንድ ጠርሙስ ስንት ሰው እንደሚያስቀምስ አስልቶ፣ የዚያን ጠርሙስ ቀረጥ መክፈል ያቃተው አምራች የማሳያ ቦታ ኪራይ ከየት አምጥቶ ከፈለ ብሎ ጠየቀው። በጣም ሻካራ አነጋገር ነበር፤ ስሌቱ ግን አልተሳሳተም። አንድ ነገር ልጨምር፦ ስምምነቱ ነፃ አድርጉ ብሎ አገሮችን የማያስገድድበት ዕቃ ነው እንጂ፣ አንድ አገር በራሱ ሕግ ለመቅመሻ የሚሆን መጠን ልፍቀድ ቢል የሚከለክለው የለም። 9ኛው መላሽ የአዘጋጁን አገር ሕግ ቢጠይቅ ከአምስት አንቀጽ ምሬት ይሻለው ነበር።

11ኛው ምላሽ ከርዕሱ ወጣ፤ ጥሩ አወጣጥ ግን ነበር። መላሹ የታሪክ ወዳጅ ነው። ይህ ችግር አዲስ እንዳይመስላችሁ ብሎ እ.ኤ.አ. በ1851 ለንደን ውስጥ ወደተካሄደው ታላቁ ኤግዚቢሽን ወሰደን። ከ6 ሚሊዮን በላይ ጉብኝት የተመዘገበበት ያ የመስታወት አዳራሽ ለውጭ ዕቃዎች እንደ ጉምሩክ መጋዘን ይቆጠር ነበር፤ ዕቃው አዳራሹ ውስጥ እስካለ ድረስ ገና ወደ አገሩ እንዳልገባ ነው። ቀጥሎ የፊላዴልፊያውን የ1876 ኤግዚቢሽን አነሳ። የአሜሪካ ኮንግረስ እ.ኤ.አ. በ1874 ባወጣው ሕግ፣ ለዚያ ኤግዚቢሽን ብቻ የሚመጣ ዕቃ ያለ ቀረጥ ይግባ፤ አገር ውስጥ የተሸጠ ወይም ለፍጆታ የወጣ ግን ቀረጡን ይክፈል ብሎ ነበር። ዛሬ በካርኔ የምንሠራው ሥራ ሐሳቡ ከዚያ ብዙም አልራቀም። ያኔ ለየኤግዚቢሽኑ ለብቻው ሕግ ይወጣ ነበር፤ ዛሬ አንድ ደብተር ብዙ አገር ይዞራል።

በ12ኛው ምላሽ ጠያቂው ራሱ ተመለሰ። ቆጣ ብሎ ነው፤ ቢሆንም አላስቀየመም። የናሙናው ነገር ገብቶኛል፣ እሽጋችን ከሽያጩ እሽግ ያነሰ ነው፣ ቀለሙም ሳሙናውም ገብቶኛል አለ። 2ኛውን መላሽ አመስግኖ፣ 3ኛዋን የበለጠ አመሰገነ። ከዚያ እውነተኛውን ጥያቄ አወጣው፤ እኔ ከመጀመሪያው ጠርጥሬ ነበር። ትርኢቱ ላይ ማሽኑን የሚገዛ ቢገኝ እዚያው አስረክበን መምጣት እንችላለን ወይ? ማሽን አሽጎ መመለስ ብዙ ወጪ ነው።

13ኛው መላሽ ምን ችግር አለው ብሎ ጀመረ። እርሱ በመጨረሻው ቀን ማታ ያመጣውን ሁሉ ሸጦ ባዶ ሳጥን ይዞ እንደተመለሰ፣ ሲወጣም ሳጥኑን የከፈተ እንዳልነበረ በኩራት ይተርካል። ስልቱን በዝርዝር ጽፎታል፤ ዝርዝሩን እዚህ አልደግመውም።

3ኛዋ መላሽ በ14ኛው ምላሽ ተመልሰው መጡ። የመጀመሪያው ጨዋነታቸው የለም። ያ ሰው የተረከው ስልት ኮንትሮባንድ ነው፣ ሳጥኑን ማንም አለመክፈቱም ዕድል እንጂ ብልሃት አይደለም አሉ። ቀጥለውም ወደ 11ኛው ምላሽ ጠቁመው፣ የተሸጠ የኤግዚቢሽን ዕቃ ቀረጥ እንደሚከፈልበት ከ1874 ጀምሮ ተጽፎ ይገኛል፣ ሰውየው ለማንበብ በቂ ጊዜ ነበረው ብለው አሽሟጠጡ። ደግሞም በሱቅ ወይም በንግድ ቤት ውስጥ የውጭ ዕቃ ለመሸጥ ተብሎ በግል የሚዘጋጅ ትርኢት ከመጀመሪያውም በዚህ ሥርዓት እንደማይሸፈን አስታወሱት። 13ኛው መላሽ መልስ አልሰጠም። ሌሎች ሦስት ሰዎች ግን ሰጡለት፤ ሁለቱ ተሳድበው ጽሑፋቸው ተነሥቷል፣ ስለዚህ የቁጥሩ ተራ 15 ሆኖ ይቀጥላል።

15ኛው ምላሽ ነገሩን አበረደው። መሸጥ ይቻላል ይላል፤ የሚከለከለው ቀረጥ ሳይከፈል ማስረከብ ነው። ማሽኑ ላይ ተሽጧል የሚል ወረቀት ይለጠፋል፣ ውሉ ይፈረማል፣ ማሽኑ ግን ካለበት አይነቃነቅም። ገዢው እንደማንኛውም አስመጪ ዲክላራሲዮን ያቀርባል፣ ቀረጡንና ታክሱን ይከፍላል፣ አገሩ ለዚያ ዓይነት ማሽን የሚጠይቀው ፈቃድ ካለ ያንንም ያሟላል። በዚህ ጊዜ ጉምሩክ የጊዜያዊ ገቢውን ሰነድ ማሽኑ ለአገር ውስጥ ፍጆታ ገብቷል ብሎ ይዘጋዋል። ርክክቡ ከዚያ በኋላ ነው። መላሹ ለጠያቂው ሌላም ምክር ሰጥቷል፦ ትርኢቱ ላይ የቆመውን ማሽን ከመሸጥ ትእዛዝ ተቀብሎ አዲሱን ከፋብሪካ መላክ ይቀላል፤ ለትርኢት የሄደው ማሽን ሲነካካ የሰነበተ ነው፣ ገዢውም ዋጋ ቀንስ ማለቱ አይቀርም። ይህ ከጉምሩክ ሕግ ውጭ የሆነ ምክር ነው፤ የነጋዴ ምክር ግን ነው።

ከ16 እስከ 18 ያሉት ምላሾች የሚሽከረከሩት በአንድ ማኅተም ዙሪያ ነው። 16ኛው መላሽ ትርኢቱ አልቆ ሌሊት አውሮፕላን ማረፊያ ሲደርስ የጉምሩኩ መስኮት ተዘግቶ አገኘው። በረራው እንዳያመልጠው ነጩን የመውጫ ቅጠል ሳያስመታ ዕቃውን ጭኖ ሄደ። ወራት ካለፉ በኋላ የቀረጥ ጥያቄ መጣበት። ዕቃው መጋዘኑ ውስጥ ተቀምጧል፤ በወረቀት ላይ ግን ገና እዚያ አገር ነው ያለው። 17ኛው መላሽ እንደ መምህር ጻፈለት። ጉምሩክ ዋሱን መጠየቅ የሚችለው ደብተሩ ካበቃበት ቀን አንስቶ እስከ አንድ ዓመት ድረስ ነው። ዋሱ ጥያቄው ከደረሰው በኋላ ዕቃው መውጣቱን ለማስረዳት ስድስት ወር አለው፤ ካላስረዳ ገንዘቡን ያስይዛል ወይም በጊዜያዊነት ይከፍላል፤ ከዚያም ሦስት ወር ይታከልለታል። ማስረጃው የጠፋው ማኅተም ብቻ አይደለም፦ ዕቃው ቀጥሎ የገባበት አገር ጉምሩክ በደብተሩ ላይ የመታው ማኅተም፣ ወይም ዕቃው ከአገር ውጭ መሆኑን የሚያሳይ ሌላ ሰነድ ይሠራል። ጉምሩኩ ማስተካከያ ክፍያ ሊጠይቅ ይችላል፤ ከሙሉ ቀረጥ ግን ይሻላል። 18ኛው ምላሽ ሌላ ወጥመድ ያሳያል፤ ደብተሩ ለአንድ ዓመት ያገለግላል ብሎ የተዝናና ሰው፣ ፈታሹ ቅጠሉ ሲቀደድ ደብተሩ ውስጥ በሚቀረው የመግቢያ ጉርድ ላይ በእጁ የጻፈውን የመውጫ ቀን ሳያነብ ይቀራል። የሚሠራው በእጅ የተጻፈው ቀን ነው። ሽፋኑ ላይ የታተመውን ቀን እያየ የሚቀመጥ ሰው ስንቴ እንዳጋጠመኝ ባልናገር ይሻላል።

19ኛው መላሽ ዕቃው ትርኢቱ ላይ ቢሰረቅስ ብሎ ጠየቀ። 17ኛው መላሽ ተመልሶ አጭር መልስ ሰጠ። በአደጋ ወይም ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት የወደመ ዕቃ ከተረጋገጠ ሰነዱ ሊዘጋለት ይችላል። በጉምሩክ ፊት ማስወገድም ሆነ ያለ ወጪ ለጉምሩክ መተው እንዲሁ የመዝጊያ መንገዶች ናቸው። የተሰረቀ ዕቃ ግን አልጠፋም፤ አገሩ ውስጥ የሆነ ሰው እጅ ነው። ስለዚህ የፖሊስ ወረቀት ይዤ ቀረጥ አልከፍልም የሚል ሰው ብዙ ቦታ ላይ አይሳካለትም፤ ኢንሹራንስ ሲገባ ቀረጡንም እንዲሸፍን አድርጎ ይግባ። ይህን ያነበቡ ሁለት ሰዎች ፍትሕ የለም ብለው ጻፉ። ፍትሕ ላይ እከራከር ነበር፣ ግን የዚህ ክር ጉዳይ አይደለም።

22ኛው ምላሽ የእንጨት ሳጥኑን አስታወሰን፤ ማንም አላሰበውም ነበር። ማሽኑ ካርኔ ይኑረው፣ የታሸገበት እንጨት ግን የዕፅዋት ጤና ሕግ አለበት። አይኤስፒኤም 15 የሚባለው ዓለም አቀፍ መስፈርት፣ በሙቀት የሚታከም እንጨት እስከ እምብርቱ 56 ዲግሪ ሴልሺየስ ደርሶ ለ30 ተከታታይ ደቂቃ እንዲቆይ ይጠይቃል፤ ምልክቱም እንጨቱ ላይ ይታተማል። ምልክት የሌለው ሳጥን ሊመለስ ወይም ሊወገድ ይችላል፣ ማሽኑም ያለ ሳጥን ይቀራል። 23ኛው መላሽ ተቀብሎ የሙዚቃ መሣሪያና ጌጣጌጥ ለሚያሳዩ ሰዎች ተናገረ፦ ካርኔ የቀረጥ ሰነድ ነው እንጂ፣ ሊጠፉ የተቃረቡ ፍጥረታትን ንግድ የሚቆጣጠረውን የሳይተስን ፈቃድ አይተካም፤ የዝሆን ጥርስ ያለበት ፒያኖ ሁለቱንም ይዞ ይጓዛል። ከዚያ በኋላ ክሩ ለጥቂት ጊዜ የፒያኖ ክር ሆነ።

በ31ኛው ምላሽ ጠያቂው ዝርዝሮቹን ለጠፈ። ሦስት ናቸው። በመጀመሪያው ማሽኑና የመሣሪያ ሳጥኑ ከነመለያ ቁጥራቸው፤ የመሣሪያ ሳጥኑ እያንዳንዱ መፍቻ ተቆጥሯል። በሁለተኛው ሳሙናው፣ የፕላስቲክ ጥቅሉ፣ ቀለሙና የግድግዳ ወረቀቱ። በሦስተኛው ናሙናውና ካታሎጉ። አስተላላፊው ከመጀመሪያው የጠየቀው ይህንኑ ነበር፤ 1ኛው መላሽ ይህን አንስቶ አለመፎከሩ አስገረመኝ። አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል፤ እስክሪብቶው በየትኛው ይግባ?

32ኛው መላሽ በሦስተኛው ይግባ አለ። 8ኛው መላሽ ተመልሶ ተቃወመ፦ ድርጅቱ የሚሸጠው እስክሪብቶ አይደለም፣ ስለዚህ ለእይታ የቀረበውን ዕቃ አይወክልም፤ የታተመ ጽሑፍም አይደለም፣ ጽሑፍ የታተመበት ዕቃ ነው። ዋጋው ይገለጽና ቀረጡ ይከፈል፤ መስኮት ላይ ቆሞ ከመከራከር ይረክሳል። 2ኛው መላሽ እስካሁን ዝም ብሎ ቆይቶ፣ እስክሪብቶ በኪስ ይገባል፣ ይህን ያህል ምን ያደርቃችኋል ብሎ ብቅ አለ። 3ኛዋ መላሽ ስንት ካርቶን እስክሪብቶ በአንድ ኪስ እንደሚይዝ ጠየቁት። ጠያቂው በ36ኛው ምላሽ እስክሪብቶው ቢሮ ይቅር ብሎ ወሰነ። 37ኛው መላሽ ለግብርና ትርኢት ስለሚወሰዱ የቀንድ ከብቶች ጠየቀ፤ አስተባባሪው ለዚያ ሌላ ክር እንዲከፍት ነገረው።